ከድርቆሹ ወይስ ከከረጢቱ? የሥጋ ከብት መኖ ንጽጽር

ድርቆሽ ኪሎው 10፣ በከረጢት የሚሸጠው ድብልቅ መኖ ኪሎው 25 ነው እንበል። ይህን ያየ ሰው ወዲያው «ድርቆሹ ያዋጣኛል» ቢል አይፈረድበትም። እኔም መጀመሪያ ያልኩት እሱኑ ነበር። ግን ገበያ የሚወጣው ድርቆሹ አይደለም፤ በሬው ነው። ስለዚህ መወዳደር ያለበት በእያንዳንዱ መኖ አንድ ኪሎ ክብደት ለመጨመር የሚወጣው ወጪ ነው። ይህን ሂሳብ የሠራ ሰው አንዳንዴ ከረጢቱን፣ አንዳንዴ ድርቆሹን፣ ብዙ ጊዜ ደግሞ ሁለቱንም በልክ ይመርጣል።

(10 እና 25 ያልኩት ለሂሳብ እንዲመች ነው። የየትኛውም አገር ገንዘብ አይደለም። የራሳችሁን ዋጋ አስገቡበት።)

አጠራሩን እናስተካክልና እንግባ። ሻካራ መኖ ስል የግጦሽ ሣር፣ ድርቆሽ፣ ጭድ፣ የበቆሎና የማሽላ አገዳ፣ ሳይሌጅ (እርጥቡን ታጭዶ አየር ሳይገባው ተብላልቶ የሚቀመጥ መኖ)፣ እንዲሁም አልፋልፋን የመሳሰለ ቅጠላማ መኖ ማለቴ ነው። ድብልቅ መኖ ስል ደግሞ በቆሎ፣ ገብስና ማሽላን፣ ፉርሽካን፣ ከዘይት መጭመቂያ የሚወጣውን ፋጉሎ፣ ሞላሰስንና እነዚህን የመሰሉትን ነው።

በሬው ቀድሞ ለራሱ ይከፍላል

ከብት የበላው ሁሉ ሥጋ አይሆንም። መጀመሪያ ለመቆም፣ ለመተንፈስ፣ ሙቀቱን ለመጠበቅና የበላውን ለመፍጨት ያውለዋል። የነፍስ ማቆያ እንበለው። 300 ኪሎ የሚመዝን ወይፈን ለነፍስ ማቆያ ብቻ በቀን 37 ሜጋጁል (የኃይል መለኪያ ነው) ገደማ ኃይል ይፈልጋል። እንደ ዝርያው፣ እንደ አየሩና እንደሚጓዘው ርቀት ከፍ ዝቅ ይላል እንጂ ከዚያ ብዙ አይርቅም።

አሁን ጭድ ስጡት። አንድ ኪሎ ጭድ ውኃው ሳይቆጠር ከ6 እስከ 7 ሜጋጁል ይሰጣል። ጭድ ሆድ ውስጥ ቶሎ ስለማይፈጭ ወይፈኑ በቀን ከ6 ኪሎ ብዙም አያልፍም። 6 ኪሎ በ6.5 ሲባዛ 39 ይመጣል። በቃ! ቀኑን ሲበላ፣ ሌሊቱን ሲያመሰኳ አድሮ ክብደቱ ያው ነው። እናንተ ግን ጭድ ገዝታችኋል፣ ውኃ ቀድታችኋል፣ እበት ጠርጋችኋል።

ጥሩ ድርቆሽ በኪሎ ከ8.5 እስከ 9 ሜጋጁል ይሰጣል። እህልና ፋጉሎ ያለበት ድብልቅ ወደ 12 ይጠጋል። ሥጋ የምትሆነው ከነፍስ ማቆያው የተረፈችው ብቻ ናት። አንድ ኪሎ ክብደት ለመጨመር እንደ መኖው ጥራትና እንደ ከብቱ ዕድሜ ከ30 እስከ 45 ሜጋጁል ትርፍ ያስፈልጋል።

ርካሽ መኖ የሚበላ ከብት ውድ የሚሆነው እንግዲህ እዚህ ላይ ነው። የነፍስ ማቆያው በየቀኑ ይከፈላል። በ100 ቀን የሚደርስ ከብት 100 ጊዜ፣ በ200 ቀን የሚደርስ 200 ጊዜ ይከፈልለታል።

ሦስት አማራጭ፣ አንድ ወይፈን

300 ኪሎ የገዛነውን ወይፈን 400 ኪሎ አድርሰን መሸጥ እንፈልጋለን። ከመኖ ሌላ ለጉልበት፣ ለውኃ፣ ለመድኃኒትና ለመጠለያ በቀን 20 ይወጣል እንበል።

በመጀመሪያው መንገድ ጥሩ ድርቆሽ ብቻ ይበላል። በቀን 8 ኪሎ ይበላና ግማሽ ኪሎ ገደማ ይጨምራል። 200 ቀን ይፈጃል። 1,600 ኪሎ ድርቆሽ 16,000 ነው። የቀኑ ወጪ 4,000 ሲደመርበት 20,000 ይሆናል።

በሁለተኛው መንገድ 5 ኪሎ ድርቆሽና 4 ኪሎ ድብልቅ ይበላል። በቀን 1 ኪሎ ይጨምራል፣ በ100 ቀን ይደርሳል። ድርቆሹ 5,000፣ ድብልቁ 10,000፣ የቀኑ ወጪ 2,000። ድምሩ 17,000።

በሦስተኛው መንገድ 2 ኪሎ ድርቆሽና 7 ኪሎ ድብልቅ ይበላል። በቀን 1.3 ኪሎ ይጨምራል። 77 ቀን ገደማ ነው። ድርቆሹ 1,540፣ ድብልቁ 13,475፣ የቀኑ ወጪ 1,540። ድምሩ 16,555።

ኪሎው በሁለት እጥፍ ተኩል የሚበልጠው ከረጢት በመጨረሻ ረከሰ። ሰው ይህን ሲያይ ይገረማል፤ ግን ገና አልጨረስንም።

የድብልቁ ዋጋ ከ25 ወደ 35 ይውጣ። ድርቆሽ ብቻ ያለው ባለበት 20,000 ይቆማል። ሁለተኛው 21,000፣ ሦስተኛው 21,945 ይሆናል። ተራው ተገለበጠ። ደግሞ ድብልቁን ወደ 25 መልሱትና ድርቆሹ ከራሳችሁ ማሳ ታጭዶ በኪሎ 4 ብቻ ይፍጅ። የመጀመሪያው 10,400፣ ሁለተኛው 14,000፣ ሦስተኛው 15,631። አሁን ደግሞ ድርቆሹ በሰፊው አሸነፈ።

ለዚህ ነው «የቱ ይሻላል?» ለሚል ሰው ዋጋ ሳልጠይቅ መልስ የማልሰጠው። ሻካራ መኖ ከራሱ መሬት የሚያገኝ ሰውና ድርቆሽ በመኪና አስጭኖ የሚገዛ ሰው አንድ ዓይነት ምክር ሊሰጣቸው አይገባም። መሬት ያለው ዝግታውን ይችለዋል። ሁሉን ገዝቶ የሚያደልብ ግን እያንዳንዱ ቀን ይበላበታል። በብድር የገባ ከሆነ ደግሞ ወለዱን በቀን ወጪው ውስጥ መጨመር አይርሳ። ብዙ ሰው ይረሳዋል።

የመጀመሪያዋ ኪሎ

ከሦስቱ ሌላ አንድ መንገድ አለ። ብዙም አይወራለትም፣ እኔ ግን በጣም እወደዋለሁ። ጭድና የደረቀ ሣር ብቻ ላለው ሰው ነው።

ሣርን የሚፈጩት በትልቁ ጨጓራ ውስጥ የሚኖሩ ጥቃቅን ተሕዋስያን ናቸው። እነሱም መብላት አለባቸው። የመኖው ፕሮቲን ከ7 በመቶ ሲወርድ ይራባሉ፣ ሥራቸውም ይቀዘቅዛል። ጭዱ ሆድ ውስጥ ተከምሮ ይቀራል። ሆዱ የሞላ ከብት ደግሞ አይበላም። ከብቱ ሆዱ ተነፍቶ ጎድኑ የሚቆጠረው ለዚህ ነው።

የጭድ ፕሮቲን ከ3 እስከ 5 በመቶ ነው። 6 ኪሎ ጭድ ውስጥ 240 ግራም ገደማ ይገኛል። እዚህ ላይ አንድ ኪሎ ፋጉሎ ጨምሩ። የፋጉሎ ፕሮቲን እንደ ዓይነቱ ከ30 በመቶ በላይ ነው፤ የአኩሪ አተር ከሆነማ 45 አካባቢ ይደርሳል። ሁሉም ሲደመር ወደ 8 በመቶ ይጠጋል። ተሕዋስያኑ ነፍስ ይዘራሉ። ከብቱ ያንኑ ጭድ ቶሎ ይፈጨዋል፣ ተጨማሪም ይበላል። በአንድ ኪሎ ፋጉሎ የገዛችሁት ፋጉሎውን ብቻ አይደለም፤ ጭዱንም ወደ መኖነት መልሳችሁታል። ዝም ብሎ የቆመው ወይፈን በቀን ጥቂት መቶ ግራም መጨመር ይጀምራል።

በዚያው ገንዘብ በቆሎ ብትጨምሩስ? የበቆሎ ፕሮቲን ከ8 እስከ 10 በመቶ ነው። ድምሩ 5 በመቶ እንኳ አይሞላም። ፉርሽካ ከ15 እስከ 17 በመቶ አለው፤ አንድ ኪሎው ወደ 5.5 ያደርሳል። ሁለቱም መጥፎ መኖ አይደሉም። ለጭድ ግን የጎደለው ፕሮቲን ነውና መድኃኒቱ ፋጉሎ ነው። ወይም አልፋልፋን የመሰለ ጥራጥሬያማ ቅጠል፤ ከ15 እስከ 20 በመቶ ስላለው 2 ኪሎው የአንድ ኪሎ ፋጉሎ ያህል ይሠራል። ቅጠሉ ከእጅ ላይ ካለ ከረጢት መግዛት ለምን?

ጭዱን በዩሪያ ማከምም ይቻላል። ለ100 ኪሎ ጭድ ከ4 እስከ 5 ኪሎ ዩሪያ እስከ 100 ሊትር በሚደርስ ውኃ ይሟሟል። እየረጩ መከመር፣ አየር እንዳይገባ መሸፈን፣ 3 ሳምንት ማቆየት ነው። ሲከፈት ሽታው እስኪወጣ ማናፈስ ያስፈልጋል። ዩሪያው በውኃ እንደተበጠበጠ ከብት ካገኘው ግን መርዝ ነው፣ ይገድላል። በርሜሉን ሳትደፉ ዞር እንዳትሉ።

ጥሩ ድርቆሽ ላይ ሲሆን ነገሩ ይቀየራል። ለምለም ሳለ ታጭዶ በጥላ የደረቀ፣ ቅጠሉ የበዛ፣ አረንጓዴነቱ ያልጠፋ ድርቆሽ ካላችሁ ድብልቅ ስትጨምሩ ከብቱ ከድርቆሹ ይቀንሳል። አንድ ኪሎ ድብልቅ የግማሽ ኪሎ ገደማ ድርቆሽ ቦታ ይወስዳል። 25 ከፍላችሁ የ5 ድርቆሽ ገንዳ ውስጥ ተረፈ ማለት ነው። ጥሩ ሻካራ መኖ ያለው ሰው ለከረጢቱ ቀስ ይበል የምለው ለዚህ ነው።

ግማሽ በግማሽ የሚባለው ነገር

«ከሁለቱም እኩል ስጥ» የሚለው ምክር ለጆሮ ደስ ይላል። ሁልጊዜ ግን የሁለቱንም ጥሩ ጎን አያመጣም።

ሣር የሚፈጩት ተሕዋስያን ጨጓራው ብዙ እንዲጎመዝዝ አይፈልጉም። የእህል ስታርች (የእህሉ ዱቄታማ ክፍል) ደግሞ በፍጥነት ተብላልቶ አሲድ ያበዛል። የሚሰጠው እህል ከከብቱ ክብደት 0.5 በመቶ ገደማ ሲያልፍ የድርቆሹ መፈጨት እየወረደ ይሄዳል። ለ300 ኪሎ ወይፈን 1.5 ኪሎ እህል ማለት ነው። ከዚያ በላይ የምትሰጡት እህል በራሱ ይጠቅማል፤ ከድርቆሹ የምታገኙትን ግን ይቀንስባችኋል።

ታዲያ በላይ ባለው ሂሳብ 4 ኪሎ ድብልቅ ያልኩት ሁሉም በቆሎ ቢሆን ኖሮ እንደዚያ አይሠራም ነበር። ድብልቁ ውስጥ ምን አለ የሚለው ከስንት ኪሎው እኩል ያሳስባል። ፉርሽካ፣ የቢራ ብቅል ተረፈ፣ የአኩሪ አተር ገለፈትና እነሱን የመሰሉት ጉልበታቸው የሚመጣው በአብዛኛው ቶሎ ከሚፈጭ ቃጫ እንጂ ከስታርች አይደለም። ጨጓራውን እንደ በቆሎ አያጎመዝዙትም። ስለዚህ ከሻካራ መኖ ጋር በብዛት የሚሰጥ ድብልቅ ሲሆን እነዚህ ይብዙበት፣ እህሉ ይነስ። በቆሎውን ማብዛት የሚያዋጣው እንደ ሦስተኛው መንገድ ሻካራው መኖ ለማመስኳት ያህል ብቻ ሲሆን ነው።

ስለ ሦስተኛው መንገድ የራሴን ልናገር። ሂሳቡ ላይ ከሁለተኛው የሚሻለው በ445 ብቻ ነው። እኔ ለዚያች ልዩነት ብዬ አልደፍረውም። መኖውን በሚዛን የሚቀላቅል፣ ገንዳውን በየዕለቱ የሚያይ፣ የእንስሳት ሐኪም በቅርብ ያለው ትልቅ ማደለቢያ ሻካራውን እስከ 10 በመቶ ያወርደዋል። በባልዲና በአካፋ የሚያደልብ ሰው ግን ከ30 በመቶ በታች ባይወርድ ይሻለዋል።

ሆዱ ሲጎመዝዝ

አንድ ጊዜ የመኖ ቤቱ በር ሳይዘጋ አደረ። ጠዋት ስንደርስ አንዱ ወይፈን የተፈጨ በቆሎ ከረጢት ቀድዶ ዱቄቱ ውስጥ ቆሟል። ያኔ ሳቅን። ከሰዓት በኋላ ጥርሱን እያፋጨ ተኛ፣ ማመስኳት አቆመ፣ እበቱ እንደ ውኃ ሆነ። በሁለተኛው ቀን ሞተ። የአንድ ወይፈን ሞት የስንት ወይፈን ትርፍ እንደሚወስድ መቼም ማስላት አያስፈልግም።

የጤናማ ከብት ጨጓራ ፒኤች (የአሲድ መለኪያ ነው፤ ቁጥሩ ሲወርድ አሲዱ በዝቷል) ከ6 እስከ 7 ነው። ከ5.5 ሲወርድ ችግር ይጀምራል፣ ወደ 5 ሲቀርብ ነፍስ ያሰጋል። የሚገድለው ግን ሁልጊዜ እንዲህ በግልጽ አይመጣም። ቀለል ያለው ዓይነት ለሳምንታት ይቆያል። ከብቱ ዛሬ በደንብ ይበላል፣ ነገ ይተዋል። እበቱ ይቀጥናል፣ አረፋ ይዞ ያልተፈጨ እህል ይታይበታል። ሰኮናው ይታመማል፣ ሲራመድ ይጠነቀቃል። ጉበቱም መግል ሊይዝ ይችላል፤ ያ የሚታወቀው ሲታረድ ነው። በዚህ መሐል ውድ መኖ እየበላ በርካሽ መኖ ፍጥነት ያድጋል።

መከላከያው ቀላል ነው፤ ትዕግሥት ብቻ ይፈልጋል። ከሣር የመጣ ወይፈን በቀን ከ1.5 ኪሎ ድብልቅ ይጀምር። በየሁለት ሦስት ቀኑ ግማሽ ኪሎ ጨምሩ። 4 ኪሎ ለመድረስ ሁለት ሳምንት ይፈጃል፣ 7 ኪሎ ለመድረስ ከሦስት ሳምንት በላይ። ጠዋት መጀመሪያ ድርቆሽ፣ ከዚያ ድብልቅ። ድብልቁን በአንድ ጊዜ ከመድፋት ጠዋትና ማታ መክፈል። እህሉ ይከካ እንጂ ዱቄት አይሁን፤ ዱቄት በፍጥነት ይብላላል። ድርቆሹም ተፈጭቶ ብናኝ መሆን የለበትም። ከብት የሚያመሰኳው ረዘም ያለ ነገር ሲኖር ነው፤ ሲያመሰኳ የሚወርደው ምራቅ ደግሞ የራሱ መድኃኒት ነው፣ አሲዱን ያበርደዋል። ዕረፍት ላይ ካሉት ከብቶች ቢያንስ ግማሾቹ ሲያመሰኩ ካላያችሁ መኖው ላይ የሆነ ነገር ተበላሽቷል።

እህልና ፉርሽካ በብዛት የሚበላ ወንድ ከብት ሌላም አደጋ አለበት። ሁለቱም ፎስፈረስ የበዛባቸው፣ ካልሲየም ያነሳቸው ናቸው። ይህ የሽንት ጠጠር ያመጣል፣ ሽንቱ ይዘጋል። ከድብልቁ 1 በመቶ ያህል ለመኖ የሚሆን የተፈጨ የኖራ ድንጋይ መጨመር ይህን ይከላከላል። በዋጋ ሲታይ ከምንም አይቆጠርም። ጨውና ውኃ ሁልጊዜ ይኑር። ለወራት አረንጓዴ ነገር ያላየ ከብት ቫይታሚን ኤ ያንሰዋል፣ ሲመሽ መንገድ መሳት ይጀምራል። በሳምንት ጥቂት ጊዜ የሚሰጥ አረንጓዴ ሣር ይበቃዋል።

እርጥብ ነገር ስትገዙ

ለብቻው ርዕስ የሰጠሁት ብዙ ሰው እዚህ ስለሚሸወድ ነው። የቢራ ፋብሪካ እርጥብ የብቅል ተረፈ ኪሎው 5 ነው ተባለ። ፉርሽካ 20 ነው። የትኛው ረከሰ?

የብቅሉ ተረፈ ከ100 ኪሎው 22 ኪሎ ብቻ ነው ደረቅ መኖ፤ ሌላው ውኃ ነው። 5ን ለ0.22 ስታካፍሉ 22.7 ይመጣል። ፉርሽካው 88 በመቶ ደረቅ ነው። 20ን ለ0.88 ስታካፍሉ ያው 22.7። እኩል ናቸው! እውነት ነው፣ የብቅሉ ተረፈ ፕሮቲን ከፉርሽካው ይበልጣል። ግን ማጓጓዣው ገና አልተነካም፤ ጭነቱ ላይ ከአራት እጅ ሦስቱ ውኃ ነው። በጥቂት ቀናትም ይበላሻል። ፋብሪካው አጠገብ ላለ ሰው ግሩም መኖ ነው፣ ለሩቅ ሰው አይደለም።

እርጥብ ሣርም እንዲሁ ነው። 20 በመቶው ብቻ ደረቅ ከሆነ 5 ኪሎው ከአንድ ኪሎ ብዙ የማይበልጥ ድርቆሽ ያህል ነው። ሳይሌጅ 30 እና 35 በመቶ አካባቢ ነው። ማንኛውንም ሁለት መኖ ከማወዳደራችሁ በፊት ውኃውን አውጡለት።

ማነው የሚበላው?

ገና እያደገ ያለ ወይፈን የሚጨምረው በአብዛኛው ጡንቻና አጥንት ነው። ጡንቻ ሦስት አራተኛው ውኃ ስለሆነ በትንሽ ጉልበት ይሠራል፣ ፕሮቲን ግን ይፈልጋል። ጎልማሳው በሬ የሚጨምረው ስብ ነው። ስብ ለመሥራት ብዙ እጥፍ ጉልበት ይሄዳል። ስለዚህ ለወጣቱ ጥሩ ሣርና ፋጉሎ፣ ለጎልማሳው ደግሞ አጭር ጊዜ ጠንከር ያለ ድብልቅ። ወጣቱን ገና በለጋነቱ በእህል ማጨናነቅ ብዙ ጊዜ አጥንቱ ሳያድግ ቶሎ እንዲሰባ ያደርገዋል።

ከስቶ የተገዛ ጤነኛ ከብት ደግሞ ለየት ያለ ነው። መኖ አጥሮት የኖረ ከብት ሲያገኝ ያለፈውን ለማካካስ በፍጥነት ያድጋል። እንደኔ ከሆነ ከማደለቢያ ትርፍ ትልቁ ክፍል የሚገኘው እዚህ ነው፤ ከስቶም ጤነኛ የሆነውን መምረጥ ላይ። ጥገኛ ትሉ መጀመሪያ ይታከምለት። ለትል ፋጉሎ መቀለብ አያዋጣም።

ስለዚህ ብዙ ልምድ ያላቸው ሰዎች አንዱን መኖ መርጠው ከመጨረስ ይልቅ ይከፋፍሉታል። ሣር በሚገኝበት ወቅት ከብቱ በርካሹ ሣር አካሉን ይሠራል። የመጨረሻዎቹን 60 ወይም 90 ቀናት ድብልቁ እየጨመረ ይሄዳል። ውዱ መኖ የሚወጣው ጥሩ ዋጋ በሚያመጣበት ጊዜ ብቻ ነው ማለት ነው።

ፈርሱን አትሽጡ፣ አትግዙም

ሻካራ መኖ የሚበላ ከብት ሆዱ ትልቅ ነው። በቁም ሚዛን ላይ ያ ሁሉ ፈርስ ይመዘናል። ሲታረድ ግን ሥጋ አይሆንም። 400 ኪሎ የሚመዝን በድርቆሽ ያደገ በሬ 51 በመቶው ሥጋ ቢወጣው 204 ኪሎ ነው። በድብልቅ የደለበው 56 ቢወጣው 224። የ20 ኪሎ ልዩነት። በቁም ክብደት የምትሸጡ ከሆነ ጉዳዩ የገዢው ነው፤ ገዢዎች ግን ሞኞች አይደሉም፣ ሆዱን አይተው ዋጋ ይቀንሳሉ። በሥጋ ክብደት የምትሸጡ ከሆነ ይህን ልዩነት በቀጥታ ሂሳቡ ውስጥ አስገቡት። በሣር ያደገ ከብት ስቡ ቢጫ ሊሆንም ይችላል። ከሣሩ ካሮቲን የመጣ ነው፣ ምንም ጉዳት የለውም። የሚወደውም የሚሸሸውም ገዢ አለ።

ሚዛን ከሌላችሁ

ሳይመዘን የተሠራ ንጽጽር ወሬ ነው። የከብት ሚዛን ውድ ስለሆነ የልብስ ሰፊ ሜትር ይበቃል። ከፊት እግሮቹ ኋላ ደረቱን ዙሩና ለኩ። ከትከሻው ጫፍ እስከ መቀመጫው አጥንት ርዝመቱን ለኩ። የደረቱን ዙሪያ በራሱ አባዙት፣ በርዝመቱ አባዙት፣ ለ10,840 አካፍሉት። ልኬቱ በሴንቲሜትር ከሆነ መልሱ በኪሎ ነው። ደረቱ 160፣ ርዝመቱ 130 የሆነ ወይፈን 307 ኪሎ ይመጣል። ትክክለኛ ሚዛን አይተካም። ግን በየሁለት ሳምንቱ በዚያው ሰዓት፣ በዚያው ሰው፣ መኖ ሳይቀርብ ከተለካ ማደጉንና መቆሙን በደንብ ያሳያል።

የሚያቆም ቀን

ያ ልኬት ከምንም በላይ የሚጠቅመው መቼ እንደሚሸጥ ለመወሰን ነው። ሁለተኛውን መንገድ እንውሰድ። በቀን 50 ለድርቆሽ፣ 100 ለድብልቅ፣ 20 ለሌላው፤ 170 ይወጣል። የቁም ክብደት በኪሎ 200 ይሸጣል እንበል። ወይፈኑ በቀን 1 ኪሎ እስከጨመረ ድረስ 200 ያስገባል፣ ይቀጥል። እየሰባ ሲሄድ ጭማሪው ይቀንሳል፤ ያንኑ መኖ እየበላ 0.8 ኪሎ ላይ ይወርዳል። ያኔ የሚያስገባው 160 ነው። ከዚያች ቀን ጀምሮ በየቀኑ 10 ትከስራላችሁ፤ በሬው ግን ከመቼውም በላይ ያማረበት ያኔ ነው፣ ጎረቤቱም እያየ ያደንቃል። «ትንሽ ይጨምር» የሚባለውም ያኔ ነው። በቀጣዩ የገበያ ቀን ይውጣ።